የዘመናዊ ናፍጣ ተሽከርካሪዎች የጭስ ማጣሪያ ጥገና፦ ወጪው ለምን ይንራል?

ዘመናዊ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ከቀደሙት ጋር ሲነፃፀሩ በጉልበትም ሆነ በነዳጅ ቁጠባ የላቁ መሆናቸው አያጠያይቅም። ባለንብረቶቻቸውን በተደጋጋሚ ለምሬት የሚዳርገው ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ራሱ አይደለም። ጭሱ ከሞተሩ ወጥቶ አየር ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸው የማጣሪያና የመቆጣጠሪያ ክፍሎች ናቸው። ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ የእነዚህ ክፍሎች ጥገና ከተሽከርካሪው ዋጋ ጋር የማይመጣጠን ወጪ የሚጠይቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድን የጥቀርሻ ማጣሪያ በአዲስ ለመተካት ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ደግሞ ጫናው ይበልጥ ይከብዳል።

ወጪው እንዲህ የናረበት ምክንያት በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሥራ ላይ ባዋለው የዩሮ 3 ደረጃ አንድ የናፍጣ አውቶሞቢል በኪሎ ሜትር እስከ 0.05 ግራም ጥቃቅን ብናኝ እንዲለቅ ይፈቀድለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ዩሮ 5 ይህን መጠን ወደ 0.005 ግራም፣ ማለትም ወደ አንድ አሥረኛው ዝቅ አደረገው። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ገደብም እንዲሁ በዩሮ 3 ከነበረበት 0.50 ግራም በዩሮ 6 ወደ 0.08 ግራም ወርዷል። እንዲህ ያለውን ገደብ የሞተሩን አሠራር በማሻሻል ብቻ ማሟላት ስላልተቻለ አምራቾች ከሞተሩ በኋላ ሌላ የማጣሪያ ሥርዓት ለመገንባት ተገደዱ። መካኒኮች ዲፒኤፍ እያሉ የሚጠሩት የጥቀርሻ ማጣሪያ፣ ኢጂአር የተባለው የጭስ መመለሻ ቫልቭ እና በዩሪያ ፈሳሽ የሚሠራው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ማስወገጃ የዚህ ሂደት ውጤቶች ናቸው።

ከሦስቱ በላቀ ሁኔታ የባለንብረቱን ኪስ የሚፈትነው የጥቀርሻ ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ከሴራሚክ የተሠራና እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው። ቀዳዳዎቹ በአንድ ወገን ክፍት፣ በሌላው ወገን ዝግ ስለሆኑ ጭሱ በስሱ የሴራሚክ ግድግዳ ሰርጎ ለማለፍ ይገደዳል፤ ጥቀርሻውም በግድግዳው ላይ ይቀራል። በትክክል የሚሠራ ማጣሪያ ከብናኙ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያስቀራል። የተጠራቀመው ጥቀርሻ ግን መወገድ አለበት። ተሽከርካሪው በፈጣን መንገድ ረዘም ላለ ጊዜ ሲጓዝ የጭሱ ሙቀት ከፍ ስለሚል ከፊሉ ጥቀርሻ በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ይህ ካልሆነ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ተጨማሪ ናፍጣ በማስረጨት የማጣሪያውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያደርስና ጥቀርሻውን ያቃጥላል። ይህ ራስን የማፅዳት ሂደት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ የሚደርስ ያልተቋረጠ ጉዞ ይፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ሂደቱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ነው። ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ በመጨናነቅ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ መሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆም ተሽከርካሪ ማጣሪያው ለማፅዳት የሚያስፈልገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ማፅዳቱ ተጀምሮ የተቋረጠ እንደሆነ ደግሞ ለማፅዳት ተብሎ የተረጨው ናፍጣ በከፊል ሳይቃጠል በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እየወረደ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ሳይጨመርበት መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ምልክቱ ይኸው ነው። የቀጠነ ዘይት ቱርቦውንና የሞተሩን ተሽከርካሪ አካላት ስለሚጎዳ በማጣሪያ የተጀመረ ችግር በሞተር ሊጠናቀቅ ይችላል። የአዲስ አበባን የመሰለ ከፍታ ያለው ከተማ ሌላ ጫና ይጨምራል። በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነፃፀር በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ቱርቦ ጉድለቱን በከፊል ቢያካክስም፣ የተዳከመ ቱርቦ ወይም የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ባለበት ሞተር የኦክሲጅን እጥረቱ በቀጥታ ወደ ጥቀርሻ ይለወጣል።

ከጥቀርሻ በተለየ ሁኔታ አመድ አይቃጠልም። አመዱ በዋናነት የሚመጣው ከሞተር ዘይት ውስጥ ከሚገኙ የብረትነት ጠባይ ካላቸው ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ዓመት ከዓመት በማጣሪያው ውስጥ ይከማቻል። ለዚህ ነው ማጣሪያ ላላቸው ሞተሮች አመድ አነስተኛ የሆነ ልዩ ዘይት የሚታዘዘው። በዋጋ ልዩነት ምክንያት ተራ ዘይት የሚሞላ ባለንብረት በአንድ ቅያሪ የሚያተርፈው ጥቂት ብር የማጣሪያውን ዕድሜ ያሳጥራል። ጥቀርሻን በኮምፒውተር ትእዛዝ ማቃጠል ሲቻል፣ አመድን ግን ማጣሪያውን ፈትቶ በልዩ መሣሪያ ከማጠብ በቀር ማስወገጃ የለውም።

እስካሁን ከተገለጸው መረዳት እንደሚቻለው፣ ማጣሪያው በአብዛኛው የመጨረሻው ተጎጂ እንጂ የችግሩ መነሻ አይደለም። የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ ክፍት ሆኖ የቀረ የኢጂአር ቫልቭ፣ ሙቀቱን ለኮምፒውተሩ በትክክል የማያሳውቅ ሴንሰር፤ ከእነዚህ በአንዱ የተነሣ ማጣሪያው ከአቅሙ በላይ ጥቀርሻ ይቀበላል። በጋራዥ የሚታየው አሠራር ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ተቃራኒ ነው። የምርመራ መሣሪያው የማጣሪያውን ስም የያዘ ኮድ ያወጣል፤ መካኒኩም ኮዱን እንደ ውሳኔ ቆጥሮ ማጣሪያው ይለወጥ ይላል። ባለንብረቱ ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሎ አዲስ ማጣሪያ ካስገጠመ በኋላ መነሻው ባለመጠገኑ በጥቂት ወራት ውስጥ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ በማጣሪያው መግቢያና መውጫ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት የሚለካው ትንሽ ሴንሰር ሲበላሽ ወይም የጎማ ቱቦው ሲሰነጠቅ ኮምፒውተሩ ጤነኛውን ማጣሪያ እንደተደፈነ ሊቆጥረው መቻሉ ነው። ከማጣሪያው ዋጋ ጋር ሊነፃፀር በማይችል ርካሽ ዕቃ ምክንያት ሙሉ ማጣሪያ የሚጣልበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ስለሆነም ባለንብረቶች ለመለዋወጫው ከመክፈላቸው በፊት ለምርመራው መክፈልን መልመድ ይኖርባቸዋል፤ የመነሻው ምክንያት ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው መጠየቅም መብታቸው ነው።

የኢጂአር ቫልቭ የጭሱን ከፊል ወደ ሞተሩ በመመለስ የቃጠሎውን ሙቀት ስለሚቀንስ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ይገታል፤ በአንጻሩ ጥቀርሻን ይጨምራል። በጊዜ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ በማፅዳት የሚድን ክፍል ነው። የዩሪያው ሥርዓት ግን ጥንቃቄን ይሻል። አድብሉ በሚል ስም የሚታወቀው ፈሳሽ 32.5 በመቶ ንጹሕ ዩሪያና የተጣራ ውኃ ነው። አርሶ አደሩ ለማሳው የሚጠቀምበት ማዳበሪያ በስሙ ዩሪያ ቢሆንም ለዚህ አገልግሎት የሚጠየቀው ንጽሕና የለውም፤ በቧንቧ ውኃ በጥብጦ መሙላት የማስረጫ አፉን በደለል ይደፍናል፤ የጭስ ማፅጃውንም ይመርዛል። ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም ጥራቱ ሲጓደል ተሽከርካሪው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ችላ ከተባለ በርካታ ሞዴሎች የቀረውን ኪሎ ሜትር እየቆጠሩ በመጨረሻ ሞተሩ እንዳይነሣ ያደርጋሉ። ይህ በአውሮፓ ሕግ የታዘዘ እንጂ ብልሽት አይደለም።

የነዳጅ ጥራትም ከጉዳዩ ሊነጠል አይችልም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በናፍጣ ውስጥ የሚገኘው የሰልፈር መጠን ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ ተደርጓል፤ የዩሮ 5 እና የዩሮ 6 ሞተሮችም የተነደፉት ይህንኑ ነዳጅ ታሳቢ በማድረግ ነው። ሰልፈር የማፅጃውን ፕላቲነም ያዳክማል፤ በራሱም ወደ ብናኝነት ይለወጣል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ገደባቸውን ወደ 50 እጅ ዝቅ ያደረጉት የተሽከርካሪ ደረጃና የነዳጅ ደረጃ አብረው ካልሄዱ አንዱ ሌላውን ስለሚያበላሽ ነው።

ለዋጋው መናር ሌላው ምክንያት ማጣሪያውና ማፅጃው ፕላቲነምን የመሳሰሉ ውድ ማዕድናት የተቀቡ መሆናቸው ነው። በዚህም የተነሣ ባለንብረቶች ወደ አቋራጭ መንገድ ይገፋሉ። በብዙ አገሮች የተስፋፋው አቋራጭ የማጣሪያውን ቆርቆሮ ቀዶ ሴራሚኩን ማውጣት፣ በብየዳ መልሶ መዝጋት፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ ማጣሪያ እንደሌለ እንዳያውቅ ሶፍትዌሩን መቀየር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መብራቱ ጠፋ ማለት ኢንጀክተሩ ማፍሰሱን አቆመ ማለት አይደለም። ወጪውም ከባለንብረቱ ላይ ተነሥቶ በመንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ በሚጠብቀው ሰው ሳንባ ላይ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ይህን ድርጊት መቆጣጠር ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2014 ጀምሮ ማጣሪያው የተነሣ ተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራውን እንዳያልፍ ብትደነግግም፣ ምርመራው በዓይን በማየት ስለነበር ውስጡ ባዶ የሆነ ቆርቆሮ ማለፍ ይችል ነበር። የጭሱን ጥቁረት የሚለካው የቆየው መሣሪያም ቢሆን የዘመናዊ ሞተር ብናኝ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ማጣሪያ ያለውንና የሌለውን በአግባቡ አይለይም። ስለዚህ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2022፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን በ2023 ብናኙን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ በመደበኛ ምርመራቸው ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገደቡን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ሚሊዮን ብናኝ ሲያደርጉ ጀርመን ወደ 250,000 አጥብቃዋለች። በዚህ መሣሪያ ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ጥቂት ደቂቃ በሚወስድ ልኬት የተቦረቦረ ማጣሪያ ይጋለጣል። ለቦሎ የሚደረገውን የቴክኒክ ምርመራ ለማዘመን ለሚታሰብበት ማንኛውም ጊዜ ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ትልቁ ቁም ነገር የመሣሪያው ምርጫ ከቅጣቱ መጠን በፊት መታየት ያለበት መሆኑ ነው።

ጉዳዩ አፍሪካን በቀጥታ የሚመለከትበት ምክንያት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል፤ 40 በመቶ ያህሉ የገቡት ወደ አፍሪካ ነው። በአውሮፓ ምርመራ የወደቀ ወይም ጥገናው የማያዋጣ ተሽከርካሪ ገዢ የሚያገኘው በዚሁ መስመር ነው። ኢትዮጵያ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ መጣሏ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ ፍሰቱን የሚገድብ ነው። ቀደም ሲል የገቡት የናፍጣ ፒካፖች፣ ሚኒባሶችና የጭነት ተሽከርካሪዎች ግን ለበርካታ ዓመታት በአገልግሎት ላይ ይቆያሉ፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጋገራሉ።

ያገለገለ የናፍጣ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ ሊያጣራው የሚገባው ተሽከርካሪው ለየትኛው ገበያ እንደተመረተ ነው፤ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፒካፕ ለአንዱ አገር ከነማጣሪያው፣ ለሌላው ያለማጣሪያ ይመረታልና። ማጣሪያ ሊኖረው የሚገባ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ጣትን በማርሚታው ጫፍ ውስጥ ማዞር ቀላል ፍተሻ ነው። ጤነኛ ማጣሪያ ያለው ተሽከርካሪ የጭስ ቱቦ ውስጡ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው፤ ጣት በጥቀርሻ ጠቁሮ ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ተነሥቷል ማለት ነው። ቁልፉ ሲከፈት የማጣሪያው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋቱን፣ በማጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ከፋብሪካው ውጪ የተሠራ ብየዳ አለመኖሩን፣ የዘይቱ መጠን ከከፍተኛው ምልክት አለማለፉንም ማየት ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ የማጣሪያው ሙሉ ወጪ በሽያጩ ድርድር ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ወጪው የገዢው ብቻ ነው።