ሰማይ ያጠጣው ሣር

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ያፈርንበትን ነገር ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ሳለ፣ ዕለቱ የማጠጫ ቀናችን ማክሰኞ ስለ ነበረ ብቻ፣ እንደ ልማዳችን ጎማውን ዘርግተን የግቢያችንን ሣር ውኃ እናጠጣ ነበር። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ እኛ ግን ታንከር ስለ ነበረን ነገሩን አላሰብነውም። አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ባዶ ጀሪካን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «መምህር፣ እግዜር ያጠጣውን እርስዎ ደግሞ ሊያጠጡት ነውን?» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

ጥፋታችን ሣሩን መውደዳችን አልነበረም፤ የሣሩን ጥማት መጠየቅ ትተን ቀን መቁጠራችን ነበር እንጂ። ይህን ጥፋት ሰው የሠራው መሣሪያም ይጋራዋል። በአሜሪካ አገር በብዙ ቤቶች ደጃፍ ያለው የሣር መስክ የሚጠጣው ሰዓት በሚከፍተው ቧንቧ ነው። ሰዓት ግን ሰማይን አይመለከትም፤ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ ይከፍታል። ስለዚህ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 ወዲህ የሚተከል በራሱ የሚሠራ የሣር ማጠጫ ሁሉ፣ በቂ ዝናብ ሲዘንብ የሚያቆመው መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ ተደነገገ።

የብዙዎቹ መሣሪያዎች አሠራር ቀላል ነው። በውስጣቸው የቡሽ ቁራጮች ተደርድረዋል። ቡሹ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥም ማጥፊያውን ተጭኖ ወደ ቧንቧው መዝጊያ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መሥመር ይቆርጣል። ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቁት ይኮማተራል፤ መሥመሩም እንደ ገና ይገናኛል። ስለዚህም ከዛፍና ከጣሪያ ክፈፍ በታች ሳይሆን ዝናብ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ይሰቀላል።

ነገር ግን ከላይ የወረደው ሁሉ ለሥር አይደርስም። በተዳፋት መሬት ላይ ይፈሳል፤ በአሸዋማ አፈርም ፈጥኖ ይሰርጋል። እንግዲህ አፈሩን ራሱን የሚጠይቅ ሌላ መሣሪያ አለ። አንደኛው ዐይነት ውኃ የተሞላ ቱቦ ሲሆን፣ ጫፉ እንደ አዲስ እንሥራ ውኃን ቀስ እያለ የሚያሳልፍ ሸክላ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ውኃውን በሸክላው በኩል ወደ ራሱ ይስባል፤ የስበቱንም ብርታት ከላይ ያለው መለኪያ ያሳያል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ይለካል፤ ውኃ የኤሌክትሪክን ኀይል በውስጡ የመያዝ ጠባዩ ከደረቅ አፈር ከ10 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ እርጥበቱ ሲጨምር መሣሪያው ያውቃል። እርጥበቱ ከተወሰነው ልክ ካለፈ፣ ሰዓቱ ቢደርስም ቧንቧው ተዘግቶ ይቆያል። ጥቅሙም ውኃን መቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ዘወትር በውኃ የተጥለቀለቀ ሣር ሥሩ አየር ያጣል፣ ወደ ጥልቅም አይወርድም፤ በደረቅ ወራትም ቶሎ ይጠወልጋል።

መሣሪያው በቤታችን ባይኖር ሥራውን በእጃችን ልንሠራው እንችላለን። ከሣሩ ሥር ግማሽ ስንዝር ያህል በቢላዋ ቆፍሮ አፈሩን በመዳፍ መጭመቅ ነው፤ ቅርጹን ይዞ መዳፍን ካራሰ ይቆይ፤ ከተፈረፈረ ይጠጣ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በገላጣ ቦታ አኑሮ የዝናቡን ውኃ ቁመት በማስመሪያ መለካትም ይቻላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። በ50 ካሬ ሜትር ሣር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 500 ሊትር፣ ይኸውም ባለ 20 ሊትር 25 ጀሪካን ውኃ ያለ ዋጋ ተሰጠን ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የእኒያ እናት ባዶ ጀሪካን ትዝ አለን። ከዚያ ወዲህ ጎማው ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ጣታችን አፈሩን ይነካል፤ አፈሩን ርሶ ባገኘነውም ቀን፣ የሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ እንደ ሆነ፣ ጎማው በአጥሩ በኩል ወደ ጎረቤት ጀሪካን ይዘረጋል።