ስሙን ጻፉት



ባለፈው ዓመት በሩዝ አጨዳ ሰሞን፣ በወንዛዬ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ወደ ቤታችን መጡ። ልጃቸው ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ከወጣ ሰባት ወር ሆኖታል። አንድ ሰው ደውሎ፣ «እናቴ፣ ልጅሽ ጂዛን ታስሯል፤ ገንዘብ ከላክሽ አስፈታዋለሁ» አላቸው። እኔም አብሬያቸው አለቀስሁ፣ ጸለይሁላቸውና ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ ባለቤታቸው ሳያውቁ፣ ገና ያልተወቃውን ሩዝ አስይዘው በአራጣ ተበደሩ። ብሩ ሄደ፤ ስልኩም ተዘጋ። ባልየው ነገሩን የሰሙት አበዳሪው አውድማቸው ላይ ሲቆም ነው።

እህቶቼ፣ መጸለዬ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ መሸኘቴ ነው። በኋላ «ሰውየው የልጁን ስም ከየት አወቀው?» ብላቸው፣ «እኔው ነገርሁት» አሉኝ።

ከወረታ አንዱ መንገድ በጎንደር ወደ መተማ፣ ሌላው በደብረ ታቦርና በወልዲያ አድርጎ ወደ ጋላፊ ይወስዳል። ልጆቻችን በሁለቱም ሄደዋል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተባረሩት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በረራ ተጀመረ። ስለዚህ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ የታሰረ ሰው በምን ይታወቃል? ቁጥር የሚናገሩና ስም የሚፈልጉ ቦታዎችን እንለይ። የሳዑዲ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር የመኖሪያ፣ የሥራና የድንበር ሕግ ተላልፈዋል ብሎ የያዛቸውን ሰዎች ቁጥር በየሳምንቱ ያወጣል፤ ድንበር ሲሻገሩ ከተያዙት ኢትዮጵያውያን በመቶ ስንት እንደሆኑም ይገልጻል። ስም ግን የለበትም። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በመንገድ የሞቱትንና የጠፉትን ይመዘግባል። ይህ ለአገር ይጠቅማል፤ ለአንዲት እናት ግን መልስ አይሆንም።

ስም የሚፈልገው ቀይ መስቀል ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። ክፍያ የለውም። ሰው አያስፈታም፤ የተገኘውም ሰው ሳይፈቅድ አድራሻውን ለማንም አይሰጥም።

ልጃችሁ አሜሪካ ከተያዘ ደግሞ፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሱ በእጁ ያለውን ሰው በኢንተርኔት በስም መፈለጊያ አለ። ለዚህ ዘጠኝ አሃዝ ያለው የመዝገብ ቁጥርና የትውልድ አገር፣ ቁጥሩ ከሌለ ትክክለኛ ስምና የትውልድ አገር ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ግን በዚያ አይገኝም። የኛ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። አንዱ ጋ የአባት ስም፣ ሌላው ጋ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይገባል። የልደት ዘመናችንም ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈልጋችሁ ስላጣችሁ «የለም» አትበሉ፤ ስሙን ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ሞክሩ።

እኒያ እናት ለቀይ መስቀል የሚሰጠውን መረጃ ስንሞላ የልጁን የትምህርት ቤት ስም አላወቁትም። በቤት ስም ነበር የሚጠሩት። የመዝገብ ስሙን ያስታወሱት ባልየው ናቸው። ስለ አራጣው ለሳምንታት ሳይነጋገሩ የከረሙት ባልና ሚስት፣ በዚያ ቀን አንድ ጉዳይ ይዘው አብረው ባሕር ዳር ሄዱ። መልሱ እስካሁን አልመጣም። ዕዳውም ገና አላለቀም። ግን አሁን ስልክ ሲጮኽ ሁለቱም አብረው ይሰሙታል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ደብተር አውጡ። የእያንዳንዱን ልጅ ስም እስከ አያት፣ የቤት ስሙን፣ የልደት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ በሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክት ጻፉ። ፓስፖርት ካለው ቅጂውን አስቀምጡ። «ልጅህ በእጄ ነው» የሚል ሲደውል ስም አትንገሩት፤ ልጁ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁት። ከሁሉ በላይ አንዳችሁ ከሌላችሁ አትደብቁ።

እኛም የአገልጋዮች ቤተሰቦች፣ የሚያለቅስ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ እንጸልይለት፤ ከዚያም እርሳስና ወረቀት እናንሣ።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።