የሮታ ቫይረስ ሸክም ከሁሉም ትከሻ አልወረደም

የሮታ ቫይረስ ክትባት ከመገኘቱ በፊት በዓለም ላይ ከዚህ ተሕዋስ ያመለጠ ሕፃን አልነበረም ማለት ይቻላል። ኒውዮርክ ውስጥ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ያደገውም፣ በሰሜን ሸዋ ገደል አፋፍ በሣር ጎጆ የተወለደውም አምስት ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዝ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ከተያዙ በኋላ ነው። በአሜሪካ ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከ55 ሺህ እስከ 70 ሺህ ሕፃናት በዚህ ተቅማጥ ምክንያት ሆስፒታል ይተኙ ነበር፤ የሚሞቱት ግን ከ20 እስከ 60 ብቻ ነበሩ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2008 በመላው ዓለም በሮታ ቫይረስ የሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 453 ሺህ ያህል ናቸው። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለቁት በአምስት አገሮች ነው፤ በህንድ፣ በናይጄሪያ፣ በፓኪስታን፣ በዴሞክራቲክ ኮንጎ እና በኢትዮጵያ።

ኢትዮጵያ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለ ወባ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙ ተጽፏል። የሕፃናት ተቅማጥ ግን ልጅ ሲያድግ አብሮ የሚመጣ ጣጣ ተደርጎ ስለሚታይ የገደላቸው ልጆች ቁጥር የሚገባውን ያህል አላስደነገጠም።

በሽታው ልጅን የሚጥለው በፍጥነት ነው። ተሕዋሱ ከገባ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ትውከትና ትኩሳት ይጀምራል፤ ወዲያው ውሃ መሳይ ተቅማጥ ይከተላል፤ ከሦስት እስከ ስምንት ቀንም ሊዘልቅ ይችላል። ሮታ ቫይረስ የሚያጠቃው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሆነው ምግብና ውሃ ወደ ደም የሚያሳልፉትን ሕዋሳት ነው። እነሱ ሲሞቱ ልጁ የጠጣው አይሰርግም፤ በሰውነቱ ያለው ውሃና ጨውም ተጠርጎ ይወጣል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ እርግብግቢቱ ይሰረጉዳል፣ ሲያለቅስ እንባ ያጣል። ጠዋት ሲጫወት የነበረ የስምንት ወር ሕፃን በማግስቱ እናቱን ቀና ብሎ ለማየት አቅም ሊያጣ ይችላል።

ስርጭቱም አስቸጋሪ ነው። በታመመ ልጅ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ የተሕዋሱ ቅንጣቶች ሊገኙ ይችላሉ፤ ሌላውን ልጅ ለማሳመም ግን ከመቶ ያነሱት ይበቃሉ። እጅ ላይ ለሰዓታት፣ ዕቃ ላይ ለቀናት ሳይሞት ይቆያል። ንጹሕ ውሃና ዘመናዊ መጸዳጃ በሞላባቸው አገሮች ጭምር ልጆች ሁሉ ይያዙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ልጇ በሮታ ቫይረስ የታመመባትን እናት «ንጽሕና ጎድሏት ነው» ብሎ መውቀስ ፍትሕ የጎደለው ፍርድ ነው።

የበሽታው ምክንያት ራሱ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። የብዙዎቹ ሕፃናት ከባድ ተቅማጥ መነሻ ምን እንደሆነ ሐኪሞችም መናገር አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዋ ሩት ቢሾፕ እና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከታመሙ ሕፃናት አንጀት የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ተሕዋሱን አዩት። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተፈለገ፤ በተፈለገበትም ሁሉ ተገኘ።

በኢትዮጵያ ግን ብዙ ቤተሰብ ለበሽታው የራሱ ማብራሪያ ነበረው፤ ጥርስ ነው። ይህ እምነት ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በድሃ አገሮች አብዛኞቹ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በሮታ ቫይረስ የሚያዙት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶችም ብቅ የሚሉት በዚሁ ወቅት ነው። ጥርሱ እና ተቅማጡ አብረው ሲመጡ ያየች አያት አንዱን ለሌላው ሰበብ ብታደርግ አያስገርምም። ጉዳቱ የመጣው ከመፍትሔው ነው። ልጁ ተቅማጥ ሲይዘው ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱ ባልጸዳ መሣሪያ ይነቀል፣ እንጥሉ ይቆረጥ ነበር፤ ዛሬም ይህ የሚደረግባቸው አካባቢዎች አሉ። ውሃው ያለቀበት ሰውነት በዚያ ላይ ደም ይፈስሰዋል፣ ቁስል ያመረቅዛል። «ይበልጥ ያስቀምጠዋል» ተብሎ ፈሳሽ የሚከለከልም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ገና በቤቱ ሳለ ሊያተርፈው የሚችለው ደግሞ ያ የተከለከለው ፈሳሽ ነበር።

እዚህ ላይ ኦአርኤስ፣ በተለምዶ «ለምለም» የሚባለው ዱቄት፣ ምስጋናው ሊነሳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሰፈሩበት የህንድ ካምፕ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ። በሕክምናው ሥር ከነበሩት መካከል የሟቾች ቁጥር ከ100 ሰው 30 ገደማ ከነበረበት ወደ 4 ገደማ ወረደ። ሮታ ቫይረስ የያዘውንም ልጅ የሚያተርፈው ይኸው ነው፤ አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ቶሎ ቶሎና በትንሽ በትንሹ፤ ከጎኑም ዚንክና የማይቋረጥ የእናት ጡት።

ይህ መድኃኒት ግን የሚሠራው ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተቅማጥ ከያዛቸው ልጆች ኦአርኤስ ያገኙት ከ100 ወደ 30 የሚጠጉት ብቻ ነበሩ። ልጁ በተከታታይ ሲያስመልስ በማንኪያ የሚሰጠው አይረጋም፤ ያን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ እሱ ያለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከብዙ ቀበሌ የሰዓታት መንገድ ነው። እናት ልጅ አዝላ የምትወጣው ሌሎቹን ልጆች ለጎረቤት ትታ፣ ለመጓጓዣና ለመድኃኒት በግ ወይም እህል ሸጣ ነው። ልጁ ቢተርፍ እንኳ ከስቶ፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ይመለሳል፤ የከሳ ልጅ ደግሞ ለሚቀጥለው በሽታ ይመቻል። ይህ ወጪና ድካም በሞት መዝገብ ላይ አይታይም፤ በየቤቱ ግን ተከፍሏል።

የክትባቱ መንገድም ቀጥ ያለ አልነበረም። የመጀመሪያው ክትባት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ፈቃድ አገኘ። ከ10 ሺህ ተከታቢ ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ አንጀት በአንጀት ውስጥ የመግባት አደጋ በመታየቱ በ1999 ከገበያ ወጣ። በዓመት ከ60 የማይበልጡ ሕፃናት ለሚሞቱባት አሜሪካ ውሳኔው ተገቢ ነበር። በየዓመቱ ልጆቻቸው በአሥር ሺዎች ለሚያልቁባቸው አገሮች ግን ስሌቱ ሌላ ነበር፤ ሆኖም በአንዱ አገር ሚዛን የተመዘነው ለሁሉም በቃ። ቀጣዮቹ ሁለት ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60 ሺህ በላይ ሕፃናት በተሳተፉባቸው ሙከራዎች ተፈትሸው ውጤታቸው የታተመው በ2006 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም አገሮች የመከረው በ2009፣ ኢትዮጵያ የጀመረችው በኖቬምበር 2013 ነው። የመጀመሪያው ክትባት ከገበያ ከወጣ እስከዚያ 14 ዓመት አለፈ። ይህን መዘግየት በሕፃናት ሕይወት መለካት ተገቢ ነው።

«ክትባቱ በአፍሪካ ብዙም አይሠራም» የሚል ክርክር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የደቡብ አፍሪካና የማላዊ ሙከራ ግን መልስ ይሰጣል። ክትባቱ በደቡብ አፍሪካ ከባድ የሮታ ቫይረስ ተቅማጥን በ77 በመቶ ሲቀንስ በማላዊ የቀነሰው በ49 በመቶ ነበር። በተከተቡት 100 ሕፃናት ያስቀረው ከባድ ሕመም ግን በማላዊ ወደ 7፣ በደቡብ አፍሪካ ወደ 4 ነው። በሽታው በበዛበት አገር ግማሽ መከላከያ እንኳ ብዙ ልጅ ያተርፋል። ሜክሲኮ ክትባቱን ለሁሉም ካዳረሰች በኋላ በ2008 ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የተቅማጥ ሞት በ35 በመቶ ወርዷል። የአንጀት አደጋው ስጋትም ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ተጠንቶ በ2018 ታትሟል፤ በተከተቡት ላይ የጨመረ አደጋ አልተገኘም።

እንግዲህ የቀረው ክትባቱን ማድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች ያገኙት ከ100 ውስጥ 43 ነበሩ፤ 19ኙ አንድም ክትባት አላገኙም። ለእነዚያ 19 ልጆች ዘመኑ ገና ከክትባቱ በፊት ያለው ዘመን ነበር።

መንግሥት የሩቅ ቀበሌዎችን፣ አርብቶ አደሮችንና ተፈናቃዮችን የክትባት ዕቅዱ መነሻ ሊያደርጋቸው ይገባል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማቀዝቀዣዋና መጓጓዣዋ ከተሟላላት ቤቱን ታውቀዋለች። ወላጆችም ድርሻ አላቸው። የሮታ ክትባት በአፍ የሚሰጥ፣ መርፌ የሌለው፣ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በነጻ የሚገኝ ነው። ልጁ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ይወሰድ፤ ለሁለተኛው ዙርም በካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን አይለፍ። ተቅማጥ ሲይዘው ጥርሱ ይተው፤ ለምለም ይበጠበጥለት፣ ጡት አይቋረጥበት፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።