የድባቴ መድኃኒትና የጎጆ ሕሙማን

በምዕራብ ሸዋ ደጋ፣ ከጊንጪ ወደ ጎጆ ከተማ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ድንችና ገብስ እያረሰ የሚኖረው የጀልዱ ወረዳ ሕዝብ፣ ውርጩንና ጭቃውን፣ የማዳበሪያውን ዋጋና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የደረሰበትን የጸጥታ መታወክ ችሎ ሲያድር፣ በመካከሉ ቁስሉ የማይታይ፣ ትኩሳቱ በመሣሪያ የማይለካ፣ ነገር ግን ሰውን ከእርሻውም ከማዕዱም ከጸሎቱም የሚለይ ድባቴ የተባለ ደዌ እንዳለ ልብ የሚለው ከታማሚውና ከቤተ ሰቡ በቀር ጥቂት ነው። የዚህ ደዌ መድኃኒት በእርግጥ ይፈውሳልን ወይስ ከንቱ ተስፋ ነውን የሚለው ክርክር በባሕር ማዶ ሊቃውንት መካከል ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ በበኩሌ መድኃኒቱ ይጠቅማል፤ ሳይጠቅም በሚቀርበትም ጊዜ ጉድለቱ አብዛኛውን ከአሰጣጡና ከክትትሉ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

አንዲት የደጋ እናት በድባቴ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ «አዝኛለሁ» ብላ አትጀምርም፤ «አናቴን ያቃጥለኛል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ እህል አልወርድ ብሎኛል፣ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም» ትላለች እንጂ። ተራ ጠባቂው ደጁን ስለ ሞላው፣ የመርማሪውም ጊዜ ስለሚያጥር፣ ደሟ ይታይና «ታይፎይድ ነው» ወይም «ጨጓራ ነው» ተብላ የዚያን መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች፤ ከወር በኋላም ያንኑ ቃል ይዛ እዚያው ደጅ ትቆማለች። የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪዎች በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ያደረጉት ጥናትም ድባቴ ያለባቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ሳይታወቅላቸው እንደሚመለሱ አሳይቷል።

ዕድል ቀንቷት ሕመሟ የታወቀላት እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝላት አሚትሪፕቲሊን የተባለው ባለ 25 ሚሊግራም ክኒን ነው፤ ማታ ማታ አንድ፣ ለስንት ወርም ቢሆን ያው አንድ። የዓለም የጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያወጣው መመሪያ ግን 25ን መነሻ ብቻ አድርጎ፣ በባለሙያ እጅ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም እንዲደርስ ያመለክታል። እንግዲህ ከመነሻው ያላለፈውን ሕክምና «ሞከርነው፣ አልረዳም» ብሎ መፍረድ ለመድኃኒቱም ለድውይዋም ፍትሕ አይደለም።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ራሱ ትዕግሥትን ያስተምራል። የስዊስ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለውን ቅመም ለሌላ የአእምሮ ደዌ ሲሞክር በትካዜ የተዋጡት ሕሙማን ቀና ሲሉ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ካስታወቀ ወዲህ፣ ቅመሙ በምን መንገድ እንደሚሠራ የተነገረው ትርጓሜ ተለዋውጧል፤ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ማነስ የድባቴ ሥር ነው የሚለው ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ምርመራ ማስረጃው ደካማ መሆኑ ተገልጿል። ይሁን እንጂ የአሠራሩ ምሥጢር አለመገለጡ ፈውሱን አይሽርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድሪያ ቺፕሪያኒ መሪነት የታተመው ታላቅ ጥናት 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሕሙማንን በአንድነት መርምሮ፣ የተፈተኑት 21 መድኃኒቶች ሁሉ ምንም ቅመም ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን እንደሚበልጡ መስክሯል፤ ከእነርሱም መካከል በብርታቱ ቀድሞ የተገኘው አሮጌውና ርካሹ አሚትሪፕቲሊን መሆኑ እንደ እኛ ላለ አገር ቀላል የምሥራች አይደለም።

ብልጫው ግን መጠነኛ መሆኑን ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። ሕመሙ መካከለኛ ወይም ጽኑ ከሆነባቸው መቶ ሕሙማን፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መሻል ያገኛሉ። ኩባንያዎችም መልካሙን ውጤት እያሳተሙ ክፉውን ይደብቁ እንደ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ምርመራ ለአሜሪካ መንግሥት ከቀረቡት 74 ጥናቶች መካከል ውጤታቸው ካላማረው 36ቱ 22ቱ ሳይታተሙ መቅረታቸውን ገልጦ አሳይቷል፤ ይህ በሕሙማን ላይ የተሠራ በደል ነው። ቀላል ድባቴ ላለበት ሰው ክኒን የመጀመሪያው ምክር አይደለም፤ ሕመሙ በጸና ቁጥር ግን ከማስመሰያው ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጎጆን ሰው የሚፈትነው ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ጥቅሙን የሚያሳየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ሲሆን፣ ጉዳቱ ግን ከመጀመሪያው ሌሊት ይጀምራል፤ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ማለዳ በሬ ጠምዶ የሚወጣው ገበሬም ዓይኑ እየተከደነ እርፍ ይይዛል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ባለሙያ ከሌለ በሳምንቱ ቢጥለው ማን ይፈርድበታል? ታግሦ የተሻለውም ሰው፣ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር መቀጠል እንዳለበት፣ ሲያቆምም በድንገት ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ እንደ ሆነ የሚነግረው ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ በእንግሊዝ አገር ለረዥም ጊዜ መድኃኒት ሲወስዱ ከኖሩ 478 ሰዎች መካከል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው ከቀጠሉት ከመቶ 39፣ ካቋረጡት ደግሞ ከመቶ 56 ነበሩ።

ብዙ ሕሙማን ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ጸበል፣ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ቃሉ ወደሚባለው የባህል እምነት አባት ዘንድ ይሄዳሉ፤ ይህን የሚነቅፍ ሐኪም ሕሙሙን ከማጣት በቀር የሚያተርፈው የለም። የሚያሳዝነው «ጸበል ከጀመርክ መድኃኒቱን ጣል» የሚለው ቃል ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ የተላከለት መልአክ ስለ እምነቱ ማነስ አልገሠጸውም፤ እንዲተኛ ተወው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ጸበልተኞች ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ አስተምረው ነበር፤ ይኸው አባታዊ ምክር ለድባቴ ሕሙማንም ቢነገር ምንኛ በበጀ።

ክኒኑም ብቻውን አይበቃም። በዩጋንዳ ገጠር፣ ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ሰዎች የመሯቸው የድባቴ ሕሙማን የውይይት ማኅበራት ሕመሙን በእጅጉ እንዳቃለሉት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። እድሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛው ባሉበት ቀበሌ ይህን መጀመር የሚያቅት ነገር አይደለም።

ስለዚህ የጀልዱ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አሚትሪፕቲሊንንና ፍሉኦክሰቲንን ከወባና ከሳንባ መድኃኒት እኩል ሳይቋረጡ የሚገኙ ያድርጋቸው፤ የክረምቱም ድርሻ መንገዱ በጭቃ ሳይያዝ ከሰኔ በፊት ጎጆ ይግባ፤ ድባቴን የሚለይ፣ አስቀድሞም ከልክ ያለፈ ደስታና መቅበጥበጥ ደርሶበት እንደ ሆነ ሕሙሙን የሚጠይቅ፣ ከ25 ዓመት በታች ያሉትን ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ የሚጠብቅ አንድ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያው ይመደብ። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን አውኮ የሚገድል ስለ ሆነ፣ ሞትን የሚያስብ ሕሙም የወሩን ክኒን በአንድ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም፤ የሳምንቱን ብቻ፣ ያውም በእናቱ ወይም በባለቤቱ እጅ ይውሰድ፤ በየሳምንቱም ሲመለስ እንቅልፉንና ምግቡን፣ የልቡንም ሐሳብ የሚጠይቀው ያው ነርስ ይሁን።