ወጌሻውን ወደ ሆስፒታል ያስገቡት ሐኪሞች

ፋንግ ሺየንጅ በቻይናዋ የወደብ ከተማ በቲያንጂን ስማቸው የተጠራ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበሩ። የተማሩት ዘመናዊውን ሕክምና ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) እሳቸውና ባልደረባቸው ሻንግ ቲያንዩ በማዕረጋቸው ላለ ሐኪም ያልተለመደ ነገር አደረጉ። ባህላዊ የአጥንት ጠጋኞችን ቀርበው ሲሠሩ አዩ፤ ጠየቁ፤ ተማሩ። ጊዜው የማኦ መንግሥት ዘመናዊ ሐኪሞች ባህላዊውን ሕክምና እንዲማሩ ያዘዘበት ስለነበር ግፊቱ ከላይም መጥቷል። ትእዛዝ ለመፈጸም ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ስብሰባ ተቀምጦ፣ ሪፖርት ተጽፎ ነገሩ ባበቃ ነበር።

ከክርን በታች ያሉት ሁለቱ የክንድ አጥንቶች ሲሰበሩ የዘመኑ ሕክምና ጀሶ ነበር። ጀሶው ከክርን በላይ ጀምሮ እስከ መዳፍ ይደርሳል፤ ሳምንታት ይቆያል። አጥንቱ ይጠግናል፤ ጀሶው ሲፈታ ግን ክርኑ አልታጠፍ ይላል፣ ጡንቻው ይከሳል፣ ጣቶቹ ይደርቃሉ። ሁለቱ ሐኪሞች ከባህላዊ ጠጋኞቹ ዘንድ ያዩት ሌላ ነው። ስብራቱ በእጅ ተስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፤ ከዚያ አራት ስስ እንጨቶች በዙሪያው ተደርድረው በማሰሪያ ይያዛሉ። እንጨቶቹ አጫጭር ስለሆኑ መጋጠሚያውን አያልፉም። ታካሚው ወዲያው ጨብጥ፣ ዘርጋ ይባላል።

ፋንግና ሻንግ ይህን ወስደው በራጅ ፈተሹት። ሁለቱ አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይጠጋጉ በመካከላቸው የምትገባ ትንሽ ትራስ የት መቀመጥ እንዳለባት ወሰኑ። እብጠቱ ሲቀንስ ማሰሪያው ስለሚላላ ታካሚው እየተመላለሰ እንዲታይ አደረጉ። ለማሰሪያው ጥብቀትም ልክ ወጣለት፤ በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መንሸራተት አለበት። ካልተንሸራተተ ጠብቋል፤ ከዚያ ካለፈ ላልቷል። ዕረፍትና እንቅስቃሴ አብረው ይሂዱ የሚለው መርህ የሥራቸው መሠረት ሆነ። በ1966 ሁሉንም በመጽሐፍ አወጡት።

ስለዚህች አንድ ሴንቲ ሜትር ሳነብ የታወሱኝ የእኛ ወጌሾች ናቸው። የእኛ ወጌሻም ቀርከሃ አለው፣ ጨርቅ አለው፣ ከምንም በላይ ደግሞ ስብራቱን ከቆዳ በላይ ሆኖ የሚያነብ እጅ አለው። በሰፈራችን ከዛፍ የወደቀ ልጅ ነበር። ወጌሻው ክንዱን ጎተት አድርጎ ሲመልሰው ልጁ አንዴ ጮኸና ዝም አለ፤ አጥንቱ ገብቶለታል። ማታ ላይ ጣቶቹ አብጠው ጠቆር አሉ። እናቱ «ሳልመጣ እንዳትነኩት» የተባለችውን አስባ ስታመነታ፣ ነርስ የሆነች ጎረቤት ደርሳ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠችው። እጁ ተረፈ። በየሆስፒታሉ የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች ግን ያልተረፉትን ያውቃሉ። ደም የቆመበት፣ ጋንግሪን የገባበት፣ ከመቁረጥ በቀር ሌላ መላ የሌለው እጅና እግር ይዘው የሚመጡ ሕፃናት አሉ። ያ ልጅ የተጎዳው ወጌሻው ሙያ ስለሌለው አልነበረም። ጎትቶ የመለሰበት እጅ ሙያ ነው። የጎደለው ልኩን ፈትሾ የሚያስተምረው ሰው ነው። ቻይናዎቹ ያደረጉትና እኛ ያላደረግነው ይህንኑ ነው፤ ስለ ቻይና ሕክምና ሲወራ የምቆጨውም በዚሁ ነው።

ወሬው ሁልጊዜ ስለ መርፌው፣ ስለ አኩፓንክቸር፣ ነው። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ እየተፈራረቁ ሠርተዋል። ዛሬም በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወገቡን፣ አንገቱን፣ ጉልበቱን ያመመው ሰው አኩፓንክቸር ፍለጋ ይሄዳል። መርፌዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ውስጣቸው መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ሰክቶ ትንሽ ያሽከረክራቸዋል። ሰውየው ከመውጋት ይልቅ ድንዝዝ፣ ክብድ የሚል ስሜት ይሰማዋል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ተኝቶ ይቆያል።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ የሚያሳስበኝ በጀርመን ተሠርቶ በ2007 የታተመው ነው። ለዓመታት ወገባቸውን ያመማቸው 1,162 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ክፍል በቻይናው የአኩፓንክቸር ትምህርት መሠረት ትክክለኛ በሚባሉት ቦታዎች ተወጋ። ሁለተኛው ትምህርቱ በማያውቃቸው ቦታዎች፣ ከቆዳ ብዙም ሳያልፍ፣ ለማስመሰል ያህል ተወጋ። ሦስተኛው ማስታገሻ፣ ፊዚዮቴራፒና ስፖርት ያለበትን የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 47.6 በመቶው፣ ከሁለተኛዎቹ 44.2 በመቶው፣ ከሦስተኛዎቹ 27.4 በመቶው ተሽሏቸው ተገኙ።

መርፌውን የሚወድ ሰው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይደሰታል፤ የሚጠላው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዞ ይስቃል። እኔ ሦስቱንም አንድ ላይ እወስዳለሁ። ቦታው ያን ያህል ለውጥ ካላመጣ፣ በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል የሚፈስባቸው መስመሮች አሉ የሚለውን ትምህርት ለማመን ምክንያት አላይም። የተሻላቸው ሰዎች መሻል ግን እውነት ነው። የተወጉት ሁለቱም ክፍሎች በአብዛኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ተኝተዋል። የነካቸው፣ የት ነው የሚያምህ ያላቸው፣ ባለፈው ከመጣህ ወዲህ እንዴት ነህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። ከመወጋቱ ራሱም አንዳንድ ነገር ይገኛል፤ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲያመነጭ እንደሚያደርግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ምርምሮች ያመለክታሉ። ከዚህ ጋር እኛ አገር ወገቡን የታመመ ሰው የሚያገኘውን አስተያዩት። ወረፋ ጠብቆ ይገባል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል፣ ዲክሎፌናክ ይታዘዝለታል። ሲያልቅበት ከፋርማሲ ራሱ ይገዛል፤ ወራት ሲያልፉ ጨጓራው፣ ብሎም ኩላሊቱ ይጎዳል። ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

መንግሥታት ከዚህ ጥናትና ከመሰሎቹ የተለያየ ነገር ተረድተዋል። የጀርመን የጤና መድን ለወገብና ለጉልበት ሕመም የመርፌውን ዋጋ መክፈል ጀመረ። የእንግሊዝ መመሪያ አውጪዎች በ2009 ለወገብ ፈቀዱ፣ በ2016 ከለከሉ፣ በ2021 ደግሞ ምክንያቱ በውል ለማይታወቅ ሥር የሰደደ ሕመም ሊሞከር ይችላል አሉ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ከጥር 2020 ጀምሮ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይከፍላል፤ ለውጥ ከታየ 8 ይጨመራል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ልጆቻቸው ዘንድ ያሉ፣ ሜዲኬር ያላቸው እናቶችና አባቶች ይህን መብት ቢያውቁት መልካም ነው። ለሕክምናው የተፈቀደለት ባለሙያ መሆኑን፣ መርፌውም አንዴ ብቻ ተሠርቶበት የሚጣል መሆኑን ለመጠየቅ አይፈሩ።

ጉልበት ለሚያማቸው ደግሞ መርፌም ሳይኖር የሚሠራ አለ። በ2016 በአሜሪካ በታተመ ጥናት የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው 204 ሰዎች ተሳትፈው፣ ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ የሠሩትና መደበኛ ፊዚዮቴራፒ ያገኙት በሦስት ወር ውስጥ እኩል ያህል ተሽሏቸዋል። ፊዚዮቴራፒስት ለማይደርስበት ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ በየጤና ጣቢያው ግቢ ጠዋት ጠዋት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ሥራ ሥሩን ግን ተጠንቀቁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ የቻይና ዕፅዋት ያለበት የማክሻ ኪኒን የወሰዱ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ አንዱ ዕፅ በሌላ መርዘኛ ዕፅ ተተክቶ ነበር። ለስብራትና ለቁርጥማት ከሚሰጡት የቻይና መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አኮኒት የሚባል ልብን የሚያዛባ መርዝ ያለበት ሥር አለባቸው፤ በደንብ ሳይቀቀል ከተጠጣ ይገድላል። ወገቡን እያመመው ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳ፣ እግሩ የሚደነዝዝ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ደግሞ ወደ መርፌም ወደ ወጌሻም ከመሄዱ በፊት ሆስፒታል ይሂድ። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን አለ፤ ማሸት አያድነውም።

ይህን ሁሉ ይዤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጤና ሚኒስቴርና የአጥንት ሕክምና ክፍሎቻችን ወጌሾችን ፈልገው ያግኙ። ሕዝቡ ወደ እነሱ መሄዱን አያቆምም፤ ቅርብ ናቸው፣ ዋጋቸው ይቀመሳል፣ እግርህ ይቆረጣል ብለው አያስፈራሩም። የቲያንጂን ሐኪሞች እንዳደረጉት አጠገባቸው ይቀመጡ፣ እጃቸውን ይዩ፣ የሚሠራውን ከማይሠራው በራጅ ይለዩ። የመጀመሪያው ሥልጠና ጥቂት ነገር ብቻ ይያዝ፦ ቆዳው ተቀዶ አጥንት የወጣበትን ስብራት ሳይነኩ መላክ፤ የታሰረውን በዚያው ማታ ተመልሶ ማየት፤ ጣቶቹ ይሞቁ እንደሆን፣ ቀለማቸው ያልተለወጠ እንደሆን፣ ሲነኩ ይሰማቸው እንደሆን ማረጋገጥ፤ ማሰሪያውን በጣት ገፍቶ አንዷን ሴንቲ ሜትር መለካት። ለእናትየውም ከጠቆረ ፍቺው ብሎ መንገር።