ሂሳብ ሲፈራ

«ሂሳብ ለጎበዝ ብቻ ነው» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። 8 ሲደመር 7 የተጠየቀ ልጅ ቁጥሮቹን በአእምሮው ይዞ ማስላት አለበት፤ «ብሳሳት ይስቁብኛል» የሚለው ፍርሃት ያንኑ ቦታ ይሻማዋል። የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ይህ ስንፍና አይደለም።

ፍርሃት ከመምህርም ይጋባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሂሳብ የሚያስፈራቸው ሴት መምህራን ባስተማሯቸው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ዘንድ የሂሳብ ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ስለዚህ ዕጩ መምህራን፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የተሳሳተውን ልጅ «ቁጭ በል!» ከማለት «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አሳየን» እንበለው። ቆርኪም ጠጠርም ይዞ ይቁጠር፤ ጊዜ እንስጠው። እኛም ያልገባንን ከወዲሁ፣ እዚሁ ተቋም ሳለን፣ ሳንተፋፈር እንጠያየቅ።