የጠቆረ የቲማቲም ዘር ይጣላልን?

በጅቡቲ ከተማ በሄሮን ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወገናችን፣ ከጓሮአቸው ቲማቲም ለይተው ያኖሩትን ዘር ከቆርቆሮው አውጥተው አሳዩን። ዘሩ የወትሮውን የገለባ መልክ ለቆ ጠቁሯል። ጎረቤቶቻቸው «ይጣል» ይላሉ፤ እርሳቸው ግን ዓመት ሙሉ የጠበቁትን መጣል አልሆነላቸውም። ጥያቄው የብዙ አትክልተኞች ጥያቄ ስለ ሆነ፣ አስተያየታችንን በዚህ ዓምድ ልንገልጽ ወደድን።

በእኛ አሳብ፣ መልክ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ከጥቁር ላም ነጭ ወተት እንደሚታለብ ሁሉ፣ ከጠቆረ ዘርም ጤናማ ቡቃያ ሊወጣ ይችላል። የቲማቲም ዘር ከሚያዳልጠው ልባሱ እንዲላቀቅ ሲብላላ 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። ከዚያ አልፎ ሲቆይ ቆዳው ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። ጥቁረቱ ከሻጋታ ወይም ከብርቱ ፀሐይ የመጣ እንደ ሆነ፣ ወይም ዘሩ በመብላላት ላይ ሳለ ማቆጥቆጥ ጀምሮ ከደረቀ፣ ሕይወቱ ጠፍቶ ይሆናል። ይህን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። በውሃ ላይ መንሳፈፉም በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ የቲማቲም ዘር ጠጕራም በመሆኑ አየር ይዞ ደኅናውም ይንሳፈፋልና።

እንግዲህ ፍርዱ ለቁጥር ይሰጥ። ሳይመርጡ 50 ፍሬ ቈጥሮ በረጠበ ጨርቅ መጠቅለል፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጥላ ሥፍራ ማኖር፣ ጨርቁም እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። ከ5ኛው ቀን እስከ 14ኛው ቀን የበቀለው ይቈጠራል። 40 ቢበቅል ከመቶ 80 ነውና ያለ ሥጋት ይዘራል። 25 ቢሆን እጥፍ ዘር ይዘራል። ከ10 ቢያንስ ግን የበቀለውም ብዙ ጊዜ ደካማ ስለሚሆን መተዉ ይሻላል። በጅቡቲ የበጋ ሐሩር ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ሕያው ዘር እንኳ ሳይበቅል ሊቀር ስለሚችል፣ በዚያ ወራት የተደረገ ፈተና ዘሩን ያለ ጥፋቱ ሊያስኰንን ይችላል።

መብቀል ግን የጤና ማረጋገጫ አይደለም። የባክቴሪያና የቫይረስ በሽታዎች ከዘር ጋር ይተላለፋሉና፣ ከታመመ ተክል ዘር አይያዝ። ከድቅል ቲማቲም የተያዘ ዘርም ቢበቅል የወላጁን ፍሬ በትክክል አይመልስም። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዳወጣው መልካ ሾላ ያለው ድቅል ያልሆነ ዝርያ ለዚህ ይስማማል።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ውሃውን ያስብ። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሚበላው አትክልት አብዛኛው ከኢትዮጵያ ይመጣል፤ የአምቡሊ አትክልት ቦታዎችም የሚኖሩት በጕድጓድ ውሃ ነው። የማይበቅል መደብ ሲያጠጡ መክረም፣ ውሃውንም ቀዝቃዛውንም ወራት ማባከን ነው።

ስለዚህ የግብርና ሠራተኞች ይህን ቀላል ፈተና በየመንደሩ እንዲያሳዩ፣ ዘር ሻጮችም ከመቶ ስንት እንደሚበቅልና የተፈተነበትን ቀን በከረጢቱ ላይ እንዲጽፉ እናሳስባለን። ገበሬውም ዘሩን በጥላ አድርቆ፣ የባሕሩ እርጥበት በማይገባው ዕቃ ከድኖ፣ በቀዝቃዛ ሥፍራ ያኑር። የሄሮኑ ወገናችንም ዘሩን ከመጣላቸው በፊት 50 ፍሬ ይቍጠሩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱን ጨርቁ ይነግራቸዋል።